ድስቱ እስኪገነፍል፦ የፖንጋልን በዓል በደሴና በኮምቦልቻ ለሚያከብሩ ቤተሰቦች

ወተት ጥዶ ዘወር ማለት በእኛ ቤት እንደ ትልቅ ጥፋት ይቆጠራል። የገነፈለ ወተት እሳት ያጠፋል፣ ምድጃ ያበላሻል፣ ሽታውም ከቤት ቶሎ አይወጣም፤ ስለዚህ ወተት አፍላ የተባለ ልጅ ማንኪያ ይዞ ከአጠገቡ ይቆማል፣ አረፋው ወደ ላይ ሲል ፈጥኖ ያወርደዋል። በደቡብ ሕንድ የሚኖሩ ታሚል ሂንዱዎች ግን በዓመት አንድ ቀን የዚህን ተቃራኒ ያደርጋሉ። በአዲስ ሸክላ ድስት ወተት ጥደው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ከቦ፣ እስኪገነፍል ይጠብቃሉ፤ ሲገነፍል ደግሞ ይጮኻሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ሴቶቹም እልል ይላሉ። የበዓሉ ስም ፖንጋል ሲሆን፣ ቃሉ በታሚል ቋንቋ መገንፈልን ከሚያመለክት ግስ የተገኘ ነው።

ሕንዳውያን መምህራን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ያስተማሩ በመሆናቸው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደሉም። በዓላቸው ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ዲዋሊን፣ ማለትም የመብራቱን በዓል ብቻ ነው። እኔ ፖንጋልን ያወቅሁት ኮምቦልቻ ባለው የወላጆቼ ግቢ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ታሚል አባወራ ከነቤተሰቡ ለበርካታ ዓመታት ተከራይቶ ስለኖረ ነው። ሚስትየውን እኛ «አካ» እንላት ነበር፤ በታሚል ታላቅ እኅት ማለት ሲሆን፣ ከእኛ «እትዬ» ጋር ይቀራረባል። እርሷም እናቴን «አማ» ትላት ነበር። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በዚያ ግቢ ሲደረግ ባየሁትና እጄን ባስገባሁበት ላይ የተመሠረተ ነው። የሚጠቅመውም በዓሉን በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ለሚያከብር የሕንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን፣ ግቢውን፣ ጉልቻውንና እሳቱን ለሚያጋራው ጎረቤትም ጭምር ነው።

ቀኑን ስለ መያዝ

ዲዋሊ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ ከዓመት ዓመት ይንከራተታል። ፖንጋል ግን የፀሐይ በዓል በመሆኑ አይንከራተትም፤ ፀሐይ «ማካራ» ወደሚባለው የኮከብ ክፍል በምትገባበት ዕለት፣ «ታይ» የተባለው የታሚል ወር ሲጠባ ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥር 6 ወይም ጥር 7 ላይ ይውላል። በዓሉ አራት ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ በዋዜማው ቦጊ፣ በዋናው ቀን ታይ ፖንጋል፣ በማግስቱ የከብቶቹ ማቱ ፖንጋል፣ በመጨረሻም የመጠያየቂያው ካኑም ፖንጋል ይከተላሉ። በሌላው የሕንድ ክፍል ይኸው ወቅት ማካር ሳንክራንቲ እየተባለ ይከበራል፤ የአንድራ ፕራዴሽ ተወላጆችም ሳንክራንቲ ይሉታል፤ ስለዚህ ጎረቤታችሁ ሕንዳዊ ስለሆነ ብቻ ፖንጋል ያከብራል ብላችሁ አትቁረጡ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀኑ በገናና በከተራ መካከል መዋሉ ለእኛ አገር አዘጋጅ አንድ ችግር ያመጣል። በጾመ ነቢያት ወተት ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ገና ካለፈ በኋላ ግን ወተቱንም ቅቤውንም ሁሉም ይፈልገዋል። በዚያ ላይ ጥምቀት እየቀረበ ስለሚሄድ የቅቤ ዋጋ ይወደዳል። ስለሆነም ቅቤውን ከገና በፊት ገዝቶ ማንጠር፣ ወተቱንም ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ከምታመላልሰው ሴት ጋር ተነጋግሮ ማሳሰብ ብልህነት ነው።

ከገበያ የሚገዛው

ዋናው ምግብ «ሳካራይ ፖንጋል» የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ ገንፎ ነው። ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆን ሰው 400 ግራም ሩዝ፣ 150 ግራም ያህል የተከካ ማሾ፣ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ወተት፣ ግማሽ ኪሎ ጣፋጭ፣ 150 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ስድስት ወይም ሰባት ፍሬ ሄል፣ አንድ እፍኝ ዘቢብና አንድ እፍኝ ለውዝ ይበቃል። በሕንድ በለውዝ ፈንታ የሚገባው ካሹ ነው፤ እዚህ ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ ግን ተቆልቶ ቅርፊቱ የተፈተገ ለውዝ ያገለግላል።

ሩዙ አዲስ ምርት መሆን አለበት፤ በዓሉ የመኸር በዓል ነውና ያደረ ሩዝ ማብሰል ትርጉሙን ያሳጣዋል። በዚህ ረገድ እኛ የታደልን ነን። የፎገራ ሩዝ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ በጥር መጀመሪያ አዲሱን ማግኘት ይቻላል፤ ሻጩን «የዘንድሮ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣው ረጅምና የማይጣበቅ ሩዝ ለፒላው እንጂ ለፖንጋል አይሆንም፤ ለዚህ የሚፈለገው ሲበስል የሚልምና እርስ በርሱ የሚያያዝ ነው።

ማሾውም የራሳችን ነው። በቃሉና በሐርቡ ቆላ የሚዘራው ያ አረንጓዴ ጥራጥሬ ሕንዶቹ ሙንግ የሚሉት ራሱ ነው። አካ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ በጆንያ ተዘርግቶ ባየችው ጊዜ ጎንበስ ብላ ዘግና ሽታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ከሕንድ የሚመጣ ማሾ ስትገዛ አላየኋትም። ችግሩ የእኛ ማሾ ከነልጣጩ የሚሸጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት በምጣድ ለስለስ ባለ እሳት አመስ ይደረጋል፣ በወፍጮ ወይም በድንጋይ ይከካል፣ ከዚያም ለአንድ ሰዓት ያህል በውኃ ተዘፍዝፎ በእጅ እየታሸ ልጣጩ ይንሳፈፋል። ልጣጩን በወንፊት እየቀለበ የሚያወጣ ልጅ ካለ ሥራው ይፈጥናል።

ጣፋጩ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። በሕንድ የሚገባው ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ የሚረጋ ቡናማ ጠጣር ሲሆን፣ በታሚል «ቬላም» ይባላል። በደሴ ሱቆች አይገኝም። ያላቸው ሰዎች ከሕንድ ሲመለሱ በሻንጣ ይዘውት ይመጣሉ፤ የሌላቸው ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው የሸንኮራ ጭማቂ አስጨምቆ በሰፊ ብረት ድስት ማፍላትና ማትነን ነው፤ ከ10 ሊትር ጭማቂ 1 ኪሎ ገደማ ስለሚወጣ ማገዶውንና ጊዜውን አስቡ። ሁለተኛውና እኔ የምመክረው፣ ከተራ ስኳር ሲሶውን በደረቅ ድስት ቡና እስኪመስል አቅልጦ፣ በፈላ ውኃ ፈትቶ፣ የቀረውን ስኳር በዚያ ውስጥ ማሟሟት ነው። ቀለሙም መዓዛውም ለቬላም ይቀርባል። ማር የሚያስብ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን በአዩርቬዳ የሕክምና ትምህርት ማርን ማሞቅ ስለማይወደድ ብዙ ሂንዱዎች በትኩስ ምግብ ውስጥ አያስገቡትም።

ቅቤውን በሚመለከት ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። እናቴ በመጀመሪያው ዓመት በቅንነት አንድ ብርሌ የሚሞላ ንጥር ቅቤ ይዛ ሄደች፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽና ሽንኩርት በሚገባ የገባበት ነበር። አካ ተቀብላ አመሰገነች፤ ድስቱ ውስጥ ግን አላስገባችውም። ለአምልኮ በሚቀርብ ምግብ ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንዳይገባ የሚጠነቀቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቅቤው ያለ አንዳች ቅመም፣ ንጹሕ ሆኖ፣ አተላው በጥቂቱ ቡና እስኪመስል ተነጥሮ መጠለል አለበት። ቅመሙን በተመለከተም በሄል ፈንታ ኮረሪማ አታስገቡ፤ ዘመዳሞች ቢሆኑም የኮረሪማው ጠረን ወተቱን ይጫነዋል።

ድስቱን ስለ ማሟሸት

ድስቱ አዲስ ሸክላ መሆን ይገባዋል። አፉ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ 4 ሊትር ያህል የሚይዝ የወጥ ድስት ይመረጣል፤ ማሰሮ ግን አንገቱ ከመጠን በላይ ስለሚጠብ ለማማሰል አይመችም። ስትገዙ በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደኅና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለበት።

በዓሉ «አዲስ ድስት» ስለሚል የአካ ባል በመጀመሪያው ዓመት ድስቱን ከገበያ አምጥቶ፣ አጥቦ፣ በቀጥታ እሳት ላይ ጣደው። ወተቱ ሞቅ ማለት ሲጀምር ከሆዱ በታች ቀጭን መስመር ታየ፤ ላብ የሚመስል ነጠብጣብ አቆረዘዘ፤ ከዚያ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማና ወተቱ ወደ አመዱ ወረደ። ልጆቹ ገነፈለ ብለው ጮኹ። እናቴ ከበረንዳው ሆና «ሳይሟሽ!» አለች። የዚያን ዕለት ፖንጋል በብረት ድስት ተሠራ።

ያልተሟሸ ሸክላ አዲስ ቢሆንም ዝግጁ አይደለም፤ ማሟሸቱም አዲስነቱን አይነካበትም፤ ምግብ አልበሰለበትምና። በሦስት ቀን ቀድሞ ድስቱ በውኃ ተሞልቶ ያድራል፤ በማግስቱ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያም ውስጡና ውጭው የአትክልት ዘይት ተቀብቶ ባዶውን በፍም ላይ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ይደረጋል፣ እዚያው ፍሙ ላይ እንዳለም ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው ቀን የሩዝ እጣቢ ውኃ ይፈላበታል። በእኛ ቤት ምጣድ የሚሟሸው በጎመን ዘር ነው፤ ይህም ለድስቱ ይሆናል። በከብት ስብ ማሟሸት ግን ለዚህ ድስት ፈጽሞ አይገባም።

በበዓሉ ጠዋት የድስቱ አንገት በእርድ ተክል ይታሠራል። እርጥብ የእርድ ተክል ከነቅጠሉ በደሴ ገበያ ስለማይገኝ ደረቅ የእርድ ሥር በጥጥ ፈትል ተጠምጥሞ፣ ፈትሉም በእርድ ዱቄት ቢጫ ሆኖ ቢታሠር ይበቃል፤ አካ እርጥብ ዝንጅብልም ትጨምርበት ነበር። በሆዱ ላይ ቀይ ነጥቦች ይደረጋሉ።

ዋዜማውና የደጃፉ ሥዕል

ቦጊ የጽዳት ቀን ነው። ቤቱ ይጠረጋል፣ ያረጀና የተቀደደ ነገር ይወጣል፣ ጎሕ ሳይቀድ በደጃፍ በትንሽ እሳት ይቃጠላል። በከተማችን ጥር ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ፣ ቤቱም ጣሪያ ለጣሪያ የተያያዘ ስለሆነ፣ እሳቱ ከደመራ ጋር እንዲፎካከር አያስፈልግም፤ አንድ ያረጀ ሰሌን ወይም መጥረጊያ ይበቃል። ፕላስቲክና ጎማ አይቃጠልም። በታሚሎቹ ክፍለ አገር በታሚል ናዱ ዋና ከተማ፣ በቼናይ ራሷ፣ በየዓመቱ በቦጊ ጠዋት የሚነሣው ጭስ ባለሥልጣናቱ ጎማ አታቃጥሉ እያሉ እንዲያስጠነቅቁ አድርጓቸዋል። የሚለበስ ልብስ ከተገኘ ደግሞ ከማቃጠል መስጠት ይሻላል።

በዋናው ቀን ማለዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው «ኮላም» ነው፤ በደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄት የሚነደፍ ሥዕል። በገጠር ታሚል ናዱ ደጃፉ መጀመሪያ በእበት ውኃ ይረጫል፤ ወለል በእበት ሲለቀለቅ ላደገ የወሎ ሰው ይህ የሚያስገርም አይሆንም። ለጀማሪ የሚመቸው ንድፍ ይህ ነው፦ መሬቱ ተጠርጎ በውኃ ይርጠብ፤ በመሀል 7 ነጥቦች በአንድ መስመር፣ በየተራ አራት ጣት እየተራራቁ ይቀመጡ፤ ከበላያቸው 5፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 1፣ ከበታቻቸውም እንዲሁ 5፣ 3 እና 1 ይሁኑ። ጠቅላላው 25 ነጥብ ይሆናል። ከዚያ መስመሩ ነጥቦቹን ሳይነካ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ሁሉንም ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ዱቄቱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ እየተፈተገ ይለቀቃል፤ እጁ ፈጠን ካላለ መስመሩ ይወፍራል። ኖራ መጠቀም ይቀላል፤ ነገር ግን የሩዝ ዱቄት የሆነበት ምክንያት ጉንዳንና ወፍ እንዲመገቡት ነው። በእኛ ግቢ ተጠቃሚዎቹ የእናቴ ዶሮዎች ነበሩ፤ ሥዕሉ ከረፋዱ አያልፍም ነበር፤ አካ ግን አንድም ቀን አላባረረቻቸውም።

የእሳቱ ሰዓት

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከሕንድ ቤተ ዘመድ በስልክ የሚላከው የመልካም ሰዓት ዝርዝር የተሰላው ለዚያው አገር ፀሐይ ነው። ሕንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ በቼናይ ፀሐይ ስትወጣ በኮምቦልቻ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። አያቶቹ በቪዲዮ የገነፈለ ድስታቸውን ሲያሳዩ የእኛዎቹ ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር የሚያዩት። በዓሉ ለፀሐይ ስለሆነ የእኔ ምክር ደጃፋችሁን የምታበራውን ፀሐይ ተከተሉ የሚል ነው። በጥር አጋማሽ በእኛ አካባቢ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ሲሆን፣ ደሴ በተራሮች የተከበበች በመሆኗ እንደ ሰፈሩ ከዚያም ትዘገያለች። እሳቱን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መለኮስ ይገባል።

ሦስት ጉልቻ በግቢው ከቤት ውጭ ይተከላል፤ ድስቱ ሲጣድ የሚያበስለው ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል። ሁለት ወይም ሦስት የሸንኮራ አገዳ ከነቅጠሉ ጫፋቸው ታሥሮ ከጉልቻው በላይ እንደ ዳስ ይቆማሉ። ማገዶው የደረቀ ይሁን፤ ጭሱ ወተት ውስጥ ይገባልና።

ወተቱ ከእኩል ውኃ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ድስቱ አንገት ድረስ ይሞላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «እንዳይገነፍል» የሚለው የቆየ ልማዳችን እጃችንን ይይዘውና ድስቱን በግማሽ እንተወዋለን፤ እንዲህ ከሆነ አረፋው ይነሣል እንጂ ከአፉ አይወጣም። ውኃው ከወተቱ ከበለጠም አረፋው ጉልበት ያጣል። በወተቱ ፊት ላይ የሚጋረደው ስስ ቆዳ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው ወተት የሚገነፍለው፤ ስለዚህ ከተጣደ በኋላ አይማሰልም።

መጀመሪያ በጠርዙ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ይታያል። ከዚያ ፊቱ ይሸበሸባል፤ መሀሉ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል። እሳቱ በዚህ ጊዜ ይጨመርበታል። በድንገት ነጩ ጉልላት ይነሣና በአንድ ወገን አልፎ በሸክላው ሆድ ላይ ይወርዳል፤ እሳቱ ይጮኻል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ይላል። በደቡብ ታሚል ናዱ ሴቶች «ኩላቫይ» የሚሉት የምላስ እልልታ አላቸው፤ ከእኛ እልልታ የሚለይበትን እኔ አላገኘሁም። በሁለተኛው ዓመት አካ ስትጀምረው እናቴና ጎረቤቶቿ በአጥር ማዶ ተቀበሏት። ወተቱ በምሥራቅ በኩል ከፈሰሰ መልካም ምልክት ነው ይባላል፤ አባወራውም ከድስቱ ሥር ያለውን ጉልቻ በምዕራብ በኩል በስስ ድንጋይ ከፍ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።

ከገነፈለ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል፤ ከወተቱ ሦስት ጭልፋ ያህል በሌላ ዕቃ ይቀዳል፤ ይህም ለሩዙ ቦታ ለመስጠት ሲሆን፣ ሩዙ ሲጠጣ መልሶ ይጨመራል። ከቤተሰቡ ታላቅ የሆነው ሰው ሦስት እፍኝ የታጠበ ሩዝ ይጨምራል፣ ሌሎቹም በዕድሜ ተራ ይከተላሉ፤ ቀሪው ሩዝና ማሾው ከዚያ በኋላ ይገባል።

አሁን ስለ ደሴ ብርድ ሳይሆን ስለ ደሴ ከፍታ ማውራት ይገባል። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው በሐረጎ በኩል የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ትደርሳለች። ውኃ በኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ባለችው ቼናይ 100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከቼናይ የመጣ የአሠራር መመሪያ «20 ደቂቃ» ሲል አትመኑት። ኮምቦልቻ 40 ደቂቃ የፈጀብን ሩዝና ማሾ ደሴ መናፈሻ አካባቢ ዘመድ ቤት ስንሠራው አንድ ሰዓት አለፈው። ማሾውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ሩዙንም ለግማሽ ሰዓት ማራስ ይረዳል፤ አንዳንዶች ማሾውን ብቻ ቀድመው በፕሬዠር ድስት ያበስሉታል፤ ይህም አያስነውርም።

ጣፋጩ የሚገባው ሩዙ በጣት ሲጫኑት ሙሉ በሙሉ ሲልም ብቻ ነው። ቀድሞ ከገባ ሩዙ ከዚያ በኋላ አይበስልም። ቬላም ከሆነ ደግሞ በውኃ ሟሙቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ እሳቱ እጅግ ከቀነሰ በኋላ ይጨመራል፤ ካልሆነ ወተቱን ሊቆርጠው ይችላል። በመጨረሻ ዘቢቡና ለውዙ በቅቤ ተጠብሰው ከነቅቤያቸው ይፈስሱበታል፣ የተወቀጠው ሄልና አንድ ቁንጣሪ ጨው ይከተላሉ። ጥራቱ የሚታወቀው ከጭልፋው ቀስ ብሎ ሲወርድና ቅቤው በዳር ዳር ሲያብለጨልጭ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠና ትንሽ ቀጠን ብሎ ይውጣ።

ለእኛ አገር ባለሙያ ከሁሉ የሚከብደው ደንብ የሚመጣው እዚህ ነው፦ ምግቡ ለአምላክ ሳይቀርብ አይቀመስም። ወጥን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ የማትቀምስ የወሎ ሴት የለችምና እናቴ እጇን ሁለት ጊዜ ስትሰበስብ አይቻለሁ። ጣፋጩን በሚዛን መለካት ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ስጦታውና ጎረቤቱ

ምግቡ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል፤ ቅጠሉ ኮምቦልቻ በየግቢው ስለሚገኝ የደሴ ሰዎች ከዚያ ያስመጡታል። ከጎኑ ሙዝ፣ ሸንኮራ፣ ከተገኘም ኮኮናት ይቀመጣል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ቤተሰቡ ጫማውን አውልቆ ወደ ፀሐይ ይጸልያል። ከዚያ በኋላ ምግቡ «ፕራሳዳም» ይባላል፣ ይታደላልም።

በከተሞቻችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ ስለሚኖር፣ አዳዩ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ለአምልኮ የቀረበ ምግብ በእምነቱ ምክንያት የማይበላ ጎረቤት አለ፤ ሆኖም ያመጣለትን ሰው ፊት ላለማሳፈር ይቀበላል። ከዚህ ይልቅ ለጎረቤት የሚሆነው በሌላ ድስት፣ ለጸሎት ሳይቀርብ፣ ለብቻው ተሠርቶ ይሰጥ፤ ሲሰጥም ይህ ይነገረው። ይህን ካደረግን ወዲህ ሳህኑ ከየቤቱ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ለጾመኞች በውኃና በዘይት የተሠራ ይዘጋጅ። በተቃራኒው፣ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት የሚሄድ ጎረቤት «ሥጋ የለበትም» ብሎ እንቁላል የገባበት ኬክ እንዳይወስድ ይጠንቀቅ፤ ብዙዎቹ ሥጋ የማይበሉ ሂንዱዎች እንቁላልም አይበሉም፣ ወተትና ቅቤ ግን ይበላሉ፤ ከእኛ የጾም ምግብ ጋር የማይገጥመው እዚህ ላይ ነው። ፍራፍሬ ከሁሉ ይሻላል። የመልካም ምኞቱ ቃል «ፖንጋል ናልቫርቱካል» ነው፤ ምላስ ቢያስቸግርም ሞክሩት።

ከብቶቹና የመጠያየቂያው ቀን

ማቱ ፖንጋል ላረሱትና ላለቡት ከብቶች ምስጋና ነው። ታሪኩን የአካ ትልቁ ልጅ እንደሚከተለው ነበር የሚተርከው፦ ሺቫ የተባለው አምላክ በሬውን ወደ ሰዎች ልኮ «በየቀኑ ዘይት ተቀብታችሁ ታጠቡ፣ በወር አንዴ ብሉ» በላቸው አለው፤ በሬው ግን አገላብጦ «በየቀኑ ብሉ፣ በወር አንዴ ታጠቡ» አላቸው። ሺቫም ተቆጥቶ፣ ሰዎች በየቀኑ የሚበሉትን አርሰህ አብላ ብሎ በምድር አስቀረው። ከብት የሌለው የከተማ ቤተሰብ ወተት የምታመላልስለትን ሴት ማስፈቀድ ይችላል። የእኛዋ ወተት አቅራቢ መጀመሪያ ሣቀች፤ በኋላ ግን ላሟን ራሷ አጥባ አቆየች። ቀንዱ በእርድና በዱቄት ይቀባል እንጂ በቆርቆሮ ቀለም አይነካም፤ በአንገቷ አበባ ይታሠርላታል፤ የሚሰጣትም ከፖንጋሉ እፍኝ ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ ሩዝና ስኳር የላም ሆድ ይነፋል።

በመጨረሻው ቀን፣ በካኑም፣ ማለዳ ላይ ሴቶች በቢጫና በቀይ የተቀለሙ ትንንሽ የሩዝ ድብልብሎች በቅጠል ላይ አድርገው ለቁራዎች ያስቀምጣሉ፤ ይህንም የሚያደርጉት ለወንድሞቻቸው ደኅንነት እየጸለዩ ነው። ቁራ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ከዚያ ልጆች ወደ ታላላቆች እየሄዱ ይመረቃሉ፤ አያቶች ሕንድ ለቀሩባቸው ልጆች የግቢው አዛውንት ይህን ቦታ ይይዛሉ። የእኛ ግቢ ልጆች በእናቴ እግር ሥር ጎንበስ ሲሉ እርሷም በለመደችው የወሎ ምርቃት ትመርቃቸዋለች፣ አካም በሴቶቹ ግንባር ላይ እርድ ትቀባለች።

ከዚህ ቀን እስከ ከተራ የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለጥምቀት ያዘጋጃችሁትን ነጠላ ለካኑም አትልበሱት። እርዱ ካረፈበትም በሳሙና አትሹት፤ ሳሙና ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣልና ይባስ ያስደነግጣል። በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ አለቅልቃችሁ፣ እርጥቡን ገመድ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት አስጡት፤ የእርድ ቀለም በፀሐይ ይለቃል። እናቴ አንድ ዓመት ሁለት ቀን ሙሉ አስጥታው ለከተራ ነጩን ለብሳ ወጥታለች።